ጭራ

ቦታዬ ጭራው ነው።
አስራ አንድ ዓመት ሆነው፣
ባሕሩን በቀኜ፣ መንገዱን ከፊቴ፣
መፍቻና ማስቲሽ፣ ሁለት ከመነዳሪ በኮርቻ ከረጢቴ።
ማኅበሩ የሰጠኝ ሕግ አንዲት ብቻ ናት፦
«ከሁሉ የዘገየችውን ነፍስ፣ አትለፋት።»

ስለዚህ ሰውን የማውቀው በጀርባው ነው።
የጋጋሪው የሲዶኒዮ ላብ ከትከሻው ሲነሣ ካርታ ሲስል፣
ደሴት በደሴት ላይ ሲቀጥል፤
የጓልቴር ግራ ትከሻ፣ ሠላሳ ዓመት የፖስታ ቦርሳ ያጎበጠው፣
ዛሬም ባዶውን፣ ደብዳቤ እንዳለበት የሚያዘነብለው።
መሪያችን ቴልሞማ፣ ገና ከፖርቶ ኮቮ ሳንወጣ ነጥብ ይሆናል፤
ፊቱን የማየው ምሳ ላይ ነው፣ ያኔም አፉን ዳቦ ሞልቶታል።

ባሕሩንም እንዲሁ በወሬ ነው የማውቀው።
«አየህ?» ይሉኛል ማታ፣ «ሽመላዎቹን፣
ከማዕበሉ በላይ፣ ከአለቱ ጫፍ ጎጆ የቀለሱትን?»
«አየሁ» እላለሁ፣ «ያምራሉ።»
ያየሁት የኢዳሊናን የኋላ ጎማ ነው፣
ወደ ግራ የሚወላገደውን፤ ሁለት ሽቦው የላላውን።

ኢዳሊና። ስድሳ ሰባት ዓመት፣
ግማሹን ሰርዲን በቆርቆሮ ስትደረድር የኖረች ሴት።
ዳገት ላይ ታዜማለች። ድምፅዋ አያምርም፤
ግን አይቆምም።
ሲዶኒዮ የእናቱን ስም ሲጠራ እሷ ገና ሁለተኛው አንጓ ላይ ነች።
ቁልቁለት ሲመጣ ግን ትወርዳለች፤
ከኮርቻው ማለቴ ነው።
መሪውን እንደ በሬ ቀንድ ጨብጣ፣ በእግሯ ትሄዳለች።

የዚያን ቀን፣ ከመብራት ማማው ማዶ፣
መንገዱ ቁልቁል ሲወረወር ወደ ዛምቡዤራ፣
ሁሉም እየጮኹ፣ ፍሬን ሳይነኩ እንደ ወፍ ተለቀቁ፤
እኛ ሁለት ቀረን፣ ከነፋሱ ጋራ።

ሕግ ነውና ወረድኩ።
አልጠየቅኳትም። ጥቂት እንደሄድን ራሷ አለች፦
«ዳገቱ የኔ ነው። በጉልበቴ እከፍላለሁ፣ ዋጋውን አውቀዋለሁ።
ቁልቁለቱ ግን የማነው?
ማን እንደሚከፍል ሳላውቅ እንዴት እበላለሁ?»

መልስ ስፈልግ ቀና አልኩ፤ ዓይኔ ጀርባ አጣ።
ከፊቴ የሰው ጀርባ ያልነበረበት ቀን የለም፤
አሁን እሷ በጎኔ ናት፣
ከፊቴ ደግሞ፣ ድንገት፣ ዓለም።
ውሃው ገደሉን ገፍቶ፣ ተጸጽቶ ይመለሳል፣
ደግሞ ጸጸቱን ይረሳል።
ጥቁሩ ድንጋይ ተነባብሮ፣ ማንም እንዳልገለጠው መዝገብ፤
ከባሕሩ መሃል በቆመ አለት ላይ ደግሞ አንዲት ሽመላ፣
ላባዋን ነፋስ እየገለበጠው፣ ግድ ሳይሰጣት፣
ከሥሯ ማዕበል ሲፈርስ፣ ጫጩቷን ታጎርሳለች።

«ይቺ ናት ሽመላ?» አልኩ።
ኢዳሊና እስኪያስላት ሳቀች።
«አስራ አንድ ዓመት! አንተ ውሸታም!
ማታ ማታ 'ያምራሉ' ስትለን አልነበረም?»

መንደሩ ስንደርስ ሰርዲኑ ከፍም ወርዶ ግማሹ ተበልቷል።
ቴልሞ ሰዓቱን አየ፤ «ሃምሳ ደቂቃ! ምነው፣ ጎማ ፈንድቷል?»
«ፈንድቷል» አለች ኢዳሊና፣ ሎሚ እየጨመቀች፣
ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ዓሣዋ እያየች።

ሁሉም ወደ እጄ ዞሩ።
እጄ ንጹሕ ነበር፤ ጨው ብቻ የነካው።
የጫማዬን ክር እንደማስር ጎንበስ አልኩና
ሰንሰለቱን ከላይ እስከ ታች ዳበስኩት፣
ጥቁር ቅባቱን እስከ አንጓዬ አስነካሁት።

ከዚያ ቀና ብዬ፣
«እባካችሁ፣ ለእጄ ትንሽ ውሃ» አልኩ፣
ውቅያኖሱ ፊት ለፊት ቆሜ።