የሽታ ደብተር

ሱቄ ፒያሳ ናት፣ ከደረጃው በታች፣ ከወርቅ ሠሪው ጎን፣
ሁለት ሰው ከገባ፣ ሦስተኛው ደጅ ላይ ተጠባባቂ እሚሆን።
መደርደሪያዬ ላይ ስድስት ጠርሙስ ቆሟል፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣
ወርቅ ያልተቀባ፣ ስሙን የማይጮኽ፣ ዓይን የማያፈጥጥ።
ፈረንሳይ ነው አገሩ፤ ግን ከዚያ አይደለም፣ ፎቅ ሙሉ ፎቶ ከሚያሰቅለው፤
አንዲት ሴትና ወንድሟ፣ ከጓሯቸው ቅጠል ቀጥፈው፣
በመዳብ ጋን አፍልተው፣ እንፋሎቱን በጠብታ ቆጥረው፣
በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሆስተስ ሻንጣ፣ በካልሲ ጠቅልለው
ይሰዱልኛል።

«የቲማቲም ቅጠል» የሚባል አለበት። «የበለስ ጥላ» አለበት።
«ሐሙስ፣ ከዝናብ በኋላ» የሚልም አለበት።
ሐሙስ ከዓርብ በምን ይለያል ብትሉኝ፣
እኔ እንጃ። እኔን አትጠይቁኝ።

አገር አፉን በጨርቅ የሸፈነ ዓመት
አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ፤ ትኩሳትና ላብ፣ ቅዠትና ጥማት።
ስነሣ፣ የሆነ ነገር ከአልጋው አብሮኝ አልተነሣም።
ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ዓይኔ አነባ፣ አፍንጫዬ ግን አልሰማም።
የላምባ ጠርሙስ ከፈትኩ፤ ዝም።
የልጄን አንገት ሳምኩ፤
ዝም።

ለማንም አልነገርኩም።
ሚዛኔ ጠፋ ብሎ ወርቅ ሠሪ ደጁ ላይ ይለጥፋል?
ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁ።
የገባው ሁሉ አንጓ ላይ አንዲት ጠብታ ጣል አደርግና
«ምን መጣብህ?» እላለሁ፤ እስክሪብቶዬን አነሣና
እንደ ችሎት ጸሐፊ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ።
የአንዱን አፍንጫ ለሌላው እሸጣለሁ።

ጠበቃው ደምመላሽ፣ ስለ ቲማቲሙ ቅጠል፦
«አጎቴ ቆቃ አትክልት ነበረው። ስንለቅም ውለን፣
ማታ ብንታጠብ ብንፈትግ፣
አረንጓዴው ከጣታችን እንቢ ይል ነበር።»
ነርሷ ሲፈን፣ ከማዋለጃ ክፍል አድራ፣ ስለ በለሱ፦
«ወተት። ገና ያልሞቀ።»
ይችኑ ብላ እንቅልፏን ይዛ ሄደች።
የታክሲ ረዳቱ፣ ድፍን ሁለት መቶ ሊዘረዝር ገብቶ፣ ሐሙስን አሸተተ፦
«ይሄማ አራት ኪሎ ነው! አስፋልቱ ሊደርቅ ሲል፣ ሰው ሰልፍ ሲያፈርስ!»
ዝርዝሩን ረስቶ ወጣ፤ ሮጬ ሰጠሁት።

ስድስተኛው ላይ «አርሟዝ» ይላል።
አሊያንስ ያስተማሩኝ ፈረንሳይኛ እዚህ ቃል ሳይደርስ ቆሟል።
ዓመት ሙሉ ማንም አልነካው።

በሐምሌ፣ ወይዘሮ አጸደማርያም ጃንጥላዋን እያንጠባጠበች ገባች፣
ለእህቷ ልጅ ምርቃት ስጦታ ፈለገች፣ ስድስተኛውን አነሣች፣
አሸተተች፣
ጮኸች።
«ኧረ አንቺ! አሪቲ እኮ ነው! ከሽንት ቤታችን ጀርባ የነበረው!
ስንት ነው?»
«ዘጠኝ ሺህ።»
«ዘጠኝ ሺህ ብር? አሪቲ? ዶሮ የሚጭረው?»
ያለችኝን አንድ ወንበር ሞልታ ሳቀች፤ ወርቅ ሠሪው ከነመነጽሩ ብቅ አለ፤
ሳቋ ግን መንገድ ላይ ጉልበት አጠረው መሰል፣ ዛለ።
እንደገና አሸተተች።
«ግቢያችንን ባለፈው ዓመት አፈረሱት።
ቤቱን ፎቶ አንስቼዋለሁ። በሩን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የውሃ ቆጣሪውን ሳይቀር።
ሽንት ቤት ማን ፎቶ ያነሣል?»

ጠርሙሱን አልገዛችም። በመርፌ ሁለት ሚሊ ቀዳሁላት፣
ጫፉ ላይ የተረፈችውን የራሴ አንጓ ላይ ጠብ አደረግኳት።
«አንቺስ? አንቺን ምን መጣብሽ?» አለችኝ።
እስከዚያ ቀን የጠየቀኝ አልነበረም።
«ቀዘቀዘኝ» አልኳት።
አልዋሸሁም። ሽቶ ሲተን
ቆዳ ላይ ጥሏት የሚሄድ አንዲት ብርድ አለች።
«አዎ» አለች፣ «በማለዳ አይደል እዚያ የሚኬደው?
ይበርድ ነበር።»

እሷ ስትወጣ ከደብተሩ በስሜ አንድ መስመር ጻፍኩ።
ማታ ደግሞ፣ በዚያው በጎደለ ፈረንሳይኛ፣ ለወንድምና እህቱ፦
«ቁጥር ስድስት እኛ ዘንድ የሚበቅለው ከሽንት ቤት ጀርባ ነው።
ሦስት ጨምሩልኝ።»