ግማሽ ሌሊት ሲደመር ሲሶ

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነበር ነገሩ፤
ሁለት ሩቦች መጥተው ጎን ለጎን ቢያድሩ
ግማሽ ይሆናሉ፤ ታህቱ አይነካም፤
አንድ ዓይነት ጣሳ ነው፣ እንደገና አይለካም።
መምህርት ዓይናዲስ፣ ጠመኔ ያነጣት፣
«ታህት ስሙ» አለች፣ «ላዕል ደግሞ ብዛት።»

በማግስቱ ግን ግማሽ ከሲሶ ጋር መጣ።
እኔም እንደ ትናንቱ፣ ሳላወርድ ሳላወጣ፣
ላዕሉን ከላዕሉ፣ ታህቱን ከታህቱ
ደምሬ አስቀመጥኩ፤ ሁለት አምስተኛ ሆነ ውጤቱ።
ደወል ተደወለ ደብተሬ ሳይታይ፤
ከደምበጫ ቁልቁል ወረድኩ ይዤው፣ ከቦዩ አፋፍ ላይ።

የካቲት ነው። ሽንኩርት አንገቱን ደፍቷል፤
ከኅዳር ወዲያ ሰማይ እኛን ረስቷል።
ውሃው በተራ ነው፤ ተራ የሚያስከብረው
የውሃ አባታችን፣ ሽማግሌው እንየው፣
በዱላው ጭቃውን እየወጋ ቆሞ፣
«ግማሽ ሌሊት ያንቺ፣ የነበረሽ ቀድሞ፤
የይርሳው ሲሶም አለ፤ እሱ ወርዷል በረሃ፣
እንዳምናው ትቶልሻል የድርሻውን ውሃ።»

እማ ዞረች ወደኔ፤ «እስኪ አንቺ ልጄ፣
ደምሪልኝ።» ገለጥኩ፣ ባትሪ ይዞ እጄ፦
«ሁለት አምስተኛ!»

ዝም አለች። ዶማዋን ተደገፈች።
ከዚያ ቀስ ብላ፣ እህል እንደሚሰፍር ሰው፣ ጠየቀች፦
«ሌሊቱን አምስት ቦታ ከፍለን ብንቆርጠው
ሁለቱ ነው የኔ? ይርሳው ምኑን ሰጠው?
ግማሹ ብቻውን ሁለት ተኩል አይደል?
ሰው ጨምሮልኝ ሄዶ እንዴት ብሎ ይጎድል?»

እንየው ሳቀ፤ ሳቁ ቦዩን ዘለቀው።
ባትሪዬን አጠፋሁ፣ ፊቴን እንዳታየው።
ፊደል ከቁጥር ጋር አልተዋወቀችም፤
ጨምሮ ማነስን ግን እሺ አላለችም።

«ሌሊት ስንት ሰዓት ነው?»
«አሥራ ሁለት፣ እማ።»
«ግማሹ?»
«ስድስት።»
«ሲሶውስ?»
በጨለማ
ጣቶቼን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ። «አራት።»
«በይ አሁን ደምሪ።»
ጓጉንቸሩ ሁሉ ዝም ያለ መሰለኝ፣ ለአንድ ቅጽበት።
ስድስት ሰዓትና አራት ሰዓት። ስማቸው
አንድ ሆነ፤ ለካስ ስም ነበር የለያቸው።
አሥር! አሥር ሰዓት፣ ከአሥራ ሁለቱ፤
አምስት ስድስተኛ፣ ሲቃለል ታህቱ።

«አንድ ስድስተኛው ይቀራል» አልኩ፣ ሳልጠየቅ፤
«ከአሥር እስከ ንጋት፣ ጀንበር እስክትዘልቅ።»
ያ የይመኙሻል ነው፤ አጥር የምትጋራን፣
ካምና ወዲህ ግን በስም የማትጠራን።

አምና፣ ትዝ ይለኛል፣ ውሃውን የዘጋነው
ወገግ ሲል ነበረ፤ አሥራ አንድ አልፎ ነው።
እማም ትዝ አላት መሰል፤ ዶማዋን አነሳች፤
ምንም አልተናገረች፤ ወደ መደቡ ሄደች።

ስልኳን በክር አድርጋ አንገቴ ላይ አስራ፣
ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ውሃ ስትመራ
ሰዓት አስቆጠረችኝ፣ በየመደቡ በተራ።
አንድ ሰዓት ባለፈ ቁጥር ጠጠር ጣልኩ ቦዩ ዳር፤
ስድስት የግማሹ፣ አራት ደግሞ የሲሶው ክምር።

«አሥር ሆነ» አልኳት። አንድ መደብ ቀርቷል፤
ሽንኩርቱ አልጠጣም፣ አፈሩ ተሰንጥቋል።
አየችው። ዶማዋን ጭቃ ላይ ሰንዝራ
ውሃውን አዞረች ወደ ይመኙሻል ጎራ።

ይመኙሻል መጣች፣ እንዳምናው፣ ባሥራ አንድ ሰዓት፤
ውሃው እርሻዋ ገብቶ ቆሞ ጠበቃት።
ከቦዩ ማዶ ሆና ለረጅም ጊዜ አየችን።
ሳል አደረገች እንጂ በስም አልጠራችን።

ጠዋት መምህርት ዓይናዲስ በቀይ ብዕር
ሁለት አምስተኛዬን ሰርዛ፣ ጎኑ ያለውን ቁጥር
«ይኸስ?» አለች፣ ጣቷን አሳርፋ ከዳር፦
አምስት ስድስተኛ፣ በእርሳስ፣ ጠማማ፤
አጠገቡ የጭቃ ጣት አሻራ፣
የኔ አይደለም፣ የእማ።