አረፋው እስኪያርፍ

ሻዩ ሲመጣለት ሴልቫራጁ አይነካም፤
«ቆይ» ይለኛል፣ «ልጄ፣ ይሄ ገና አልተለካም።»
ቀጂው ክንዱን ዘርግቶ ከጣሳ ወደ ጣሳ
ከላይ እያንቆረቆረ አረፋውን ሲያስነሳ፣
ብርጭቆው እስከ አፉ ሞልቶ ይታያል፤
አረፋው ሲያርፍ ግን ሦስት ጣት ይጎድላል።
«ሦስት ጣት አየር ነው፣ በገንዘቤ የገዛሁት»
ይላል። ቀልድ መሰለኝ፤ በሳቅ አለፍኩት።

ያን ሌሊት በሲንጋፖር፣ ከወደቡ ማዶ፣
የነዳጅ ጀልባው ከመርከቡ ጎን ተጠምዶ፣
ዝናቡ አባርቶ፣ ብረቱ እያላበ፣
ጥቁሩ ወፍራም ነዳጅ በቧንቧው ተሳበ።
ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ወሬ፤
በኪሴ ካልኩሌተር፣ በብብቴ ደብተሬ።

«ሻጭ በሜትር ኩብ ይሰፍራል፣ ገዢ በቶን ይከፍላል፤
በሁለቱ መካከል እፍግታ ተቀምጧል።
እሱን ካላወቅሽው ሁሉም ቁጥር ይዋሻል።»

ወረቀቱ ይላል፦ በአሥራ አምስት ዲግሪ ሙቀት
አንዱ ሜትር ኩብ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ ኪሎ አለበት።
እሱ ግን ቴርሞሜትሩን በገመድ አውርዶት
ነዳጁን ሃምሳ ዲግሪ ሆኖ አገኘበት።
«ሙቀት ያሰፋዋል፣ ያሳሳዋል» አለ፤
ጣቱ በሰንጠረዡ ወርዶ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት ላይ ዋለ።

አራት መቶ ሜትር ኩብ፣ በሁለት ሰዓት። አባዛሁ፤
ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ነጥብ ስምንት ቶን አገኘሁ።
በሰዓት መቶ ዘጠና ሦስት ነጥብ አራት፣
በሴኮንድ ሃምሳ አራት ኪሎ፣ ለጥቂት ሲጎድልበት።
ሃምሳ አራት! የኔው ክብደት ነው።
እኔን ራሴን በየሴኮንዱ
በዚያ ቧንቧ ሲያሳልፉኝ ታየኝ።

ከዚያ ቧንቧው ማሳል ጀመረ። ይንቀጠቀጣል፣ ያንኳኳል፤
ሴልቫራጁ ጆሮውን አስጠግቶ፦ «አየር እየነፉበት ይመስላል።»

ቦን ሄንግ፣ የጀልባው አለቃ፣ እየሳቀ መጣ፦
«መለኪያው አራት መቶ ይላል፤ ፈርምና ውጣ።»
ወረቀቱን ዘረጋ፤ ከሥሩ ፖስታ ነበረ፣
እሱም በበኩሉ የተነፋ፣ የተወጠረ።

ሴልቫራጁ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ፤
ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።
«ምን ልትሠራ?»
«ምንም። አረፋው እስኪያርፍ።»
ካፒቴኑ ከላይ ጮኸ፤ ጊዜ ሲያልፍ ገንዘብ ሲያልፍ።
ቦን ሄንግ ፖስታውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ አነሳ።

ሰዓቱ ሲሞላ ገመዱ ወርዶ ጠቁሮ ወጣ፤
ከአራት መቶው አሥራ ስድስት ሜትር ኩብ ታጣ።
የቀረውን በእፍግታው አባዛሁ፤
ሦስት መቶ ሰባ አንድ ነጥብ ሦስት። ደግሜ አሰላሁ።
አሥራ አምስት ቶን ተኩል፣ የጠፋ ሳይሆን ቀድሞም ያልነበረ፤
በቧንቧው ካለፍኩት ከኔም ሁለት ኪሎዬ አየር ነበረ።

«ጻፊው» አለኝ፤ ብዕሩን ሰጠ።
እጄ ተንቀጠቀጠ።

ቦን ሄንግ አልተቆጣም። ዝቅ ባለ ድምፅ፦
«የሚያዘው ባለቤቱ ነው። እኔ ልጅ አስተምራለሁ፣ አንዲት ልጅ።»
ሴልቫራጁ «አውቃለሁ» አለ፤ ፖስታውን መለሰለት።
«አውቃለሁ» አለ ደግሞ፤ ሌላ ቃል አልጨመረለት።

ነጋ። ሻይ ቤት ገባን። ቀጂው ክንዱን ዘረጋ፤
ብርጭቆው ሞላ። እጄ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ረጋ።
አረፋው አንድ በአንድ ሲፈነዳ እየሰማሁ
የዚያ ሰው ልጅ ስንት ኪሎ ትሆን ይሆን? አልኩ በልቤ።
ሳልጠይቅ ጠጣሁ።