መስታወት እንዳይሆን

ቂሊንጦ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ከምሽቱ ሁለት ተኩል።
ፓምፑ እያጉረመረመ አየር ይስባል።
ሲፈን በመቆንጠጫ አንስታ ወደ አምፖሉ ታዘነብለዋለች፤
«አሁንም ፊቴ አለበት» ትላለች።

መስታወት ነው፤ መስታወት እንዳይሆን ነው ልፋታችን።
ኢንዲየም ከቆርቆሮ ጋር ተኖ አርፎበታል፣
ከጸጉር ስንት መቶ ጊዜ የሳሳ።
ብናወፍረው ኤሌክትሪኩ እንደ ልቡ ይሮጣል፣
ብርሃን ግን ከደጃፉ ይመለሳል፤
ብናሳሳው ብርሃን ያልፋል፣ ኤሌክትሪኩ ያነክሳል።
ሁለት ባላጋራ፣ አንድ ምንጣፍ።

ስለዚህ ሌላ ሽፋን ደረብን፣ ልኩ የሞገድ ሩብ፦
ከላይ የተመለሰው ጨረር
ከታች የተመለሰውን መንገድ ላይ ያገኘዋል፣
አንዱ ሲወጣ አንዱ እየወረደ ይጠፋፋሉ።
ወረቀት ላይ እንዲህ ነው።
ወረቀት ላይ ያላማረ ማን አለ?

ከመቶ አራት ይመለሳል፤ ትናንት አምስት ነበር።
ሲፈን በእርሳስ ጻፈች፤ ቀኑን ዘለለችው።

መብራት ሄደ።
ፓምፑ ቃተተና ዝም፤ የሦስት ቀን ባዶነት አየር ገባው።
አልተሳደብንም።
ቀና ስል መስኮቱ፣
እስካሁን የእኛን ፊትና ጋውን ብቻ ያሳየን የነበረው፣
ሳይከፈት ተከፍቷል፦
ሲኖትራክ የቱሉ ዲምቱን ዳገት በመብራቱ ይቧጥጣል፣
ካላለቀው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ወለል የዘበኛ እሳት፣
ከዚያ ማዶ ያልታጨደ ጤፍ፣ ጥቁር፣ የሚተነፍስ።

«እንዲህ ነው መሆን ያለበት» አለች ሲፈን።
ፊቷን አላየሁትም።
ምንም አልመለስኩም።

ቆይቶ ጄኔሬተሩ ተነሳ፤
ሁለታችንም መስኮቱ ላይ ተመለስን።