ቁጥሩ ሲያድግ የሚሳሳ

ሸምሱ ሱቅ ግድግዳ ላይ፣ ከሚዛኑ በላይ፣
የካቻምና ካላንደር አለ፣ ታኅሣሥን ብቻ የሚያሳይ።
ሥዕሉ ቤት ነው፤ የየት አገር እንደሁ አልተጻፈም፤
ጣራው በረዶ ለብሷል፣ ከጭስ ማውጫው ሌላ ያልሰጠመ የለም።

"ይህን ሁሉ ጭነት ምን ቻለው?" አልሁት።
ሸምሱ አንዱን ቆርቆሮ በጥፍሩ መታ፤ ሲጮኽ ሰማሁት።
"እነሱ ዘንድ በረዶ እንግዳ ነው፣" አለ፣
"መጥቶ የሚከርም፣ ተነሥ የማይሉት።
እንዲህ ያለ እንግዳ ላለበት ቤት
ክዳኑን አቅልለሽ ወራጁን አጠንክሪለት፤
ልብሱ ደግሞ ሌላ ሸክም አይሁንበት።"

የእኛ በረዶ እንግዳ አይደለም፤ አበዳሪ ነው፤
በር ሳያንኳኳ ጣራ ይደበድባል፣
ግማሽ ሰዓት ጮኾ፣ ቅጠሉን በሳስቶ፣
ያገኘውን ይዞ ይሄዳል።

አዳማ ላይ የሚያስፈራው ሌላ ነው። ነፋስ።
ከከተማው ጀርባ፣ ጋራው ላይ፣ ነጫጮቹ ባለ ሦስት ክንፎች
ቀን ከሌት ይሽከረከራሉ፤ ምርቱ መብራት ነው ይላሉ።
ለእኔ ግን ባለፈው ሚያዝያ ያመረተልኝ
አዴ ዱሬቲ ፓፓያ ላይ የተንጠለጠለ ጣራዬን ነው።
ሠላሳ አምስት ጌጅ። ርካሽ ነበር።
የቆርቆሮ ነገር እንዲህ ነው፤
ቁጥሩ ሲያድግ አካሉ ይሳሳል፤
የገዛው ሰው በቁጥር ይኮራል፣ በነፋስ ያፍራል።

ወንድሜ ታከለ፣ "ሸክላ ይሁን" አለ፤
"ቀይ፣ ከመንገድ የሚታይ፣ ነፋስ ቢነሣ የማይነቃነቅ።"
እናቴ ከአልጋዋ ሆና ሰማችው። ዝም አለች፤ ቆየች።
"ያን ሌሊት፣" አለች፣ "መሬቱ ሲንቀጠቀጥ፣
ብርጭቆዎቹ ቁምሳጥን ውስጥ እንደ ጥርስ ሲፋጩ፣
እኔ ምን ሳይ እንደነበር ታውቃላችሁ? ጣራውን።
ዓይኔን አልነቀልሁም።
ከራሴ በላይ ያለው፣
ቢወድቅ የሚያቆስል ይሁን፤ የሚቀብር አይሁን።"

ታከለ ሸክላ ማለት ተወ።

እንግዲህ የምፈልገው ይህ ነበር፤
ለመሬቱ ቀላል፣ ለነፋሱ ከባድ፣
ለእናቴ ስስ፣ ለበረዶው ወፍራም፣ ለቦርሳዬ ምንም።
እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ሸምሱ አይሸጥም።

አናጺው በዳሳ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።
"ክብደትን ከቆርቆሮ አትጠብቂ፤ ከመያዣው ጠብቂ።
ሞራሌውን አቀራርቤ እመታለሁ፣
ወራጁን ከግድግዳው ጋር በብረት አስራለሁ፣
ጠርዝ ጠርዙ ላይ ሚስማር አልቆጥብም።
ቀላል ነገር የሚበርረው ቀላል ስለሆነ አይደለም፤
ያዝ ያደረገው ስለሌለ ነው።"

ስለ ጣራ ነበር የሚያወራው።
እኔ ሞጆ የቀረ አንድ ሰው አሰብሁ፤
ከዚያ ዋጋ ጠየቅሁ።

ሠላሳ ጌጅ ገዛሁ። የኮርኒሱ ብር ሚስማር ሆነ፣
የበረንዳው ብር ሞራሌ።
አሸንዳ ለከርሞ።

ሰኔ ሲገባ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መጣ።
በረዶው ቆርቆሮው ላይ ሲያወርደው ሰው ከሰው አይሰማም፤
የእናቴ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አልለየሁም።
ነፋሱ ጠርዙን ጨበጠ፤ ሳበ፤ እንደገና ሳበ።
ሚስማሮቹ አንድ በአንድ እምቢ አሉ።

ከዚያ ጸጥ።

አዴ ዱሬቲ ከአጥሩ ማዶ ተጣሩ፤
"ዘንድሮ ፓፓያዬ ላይ አልመጣም!"

"ምን ስትዪ ነበር?" አልኋት እናቴን።
"ያ የነገርሽኝ የበረዶ ቤት፣" አለች፣
"እዚያ ጣራው ድምፅ አለው?"
"የለውም መሰለኝ። ዝም ብሎ ነው የሚቀመጥበት።"
"ታዲያ መምጣቱን በምን ያውቃሉ?"

በሩ አጠገብ አንድ ጠብታ ወደቀች። ቆይታ ሌላ።
ጣሳ አስቀመጥሁላት።
በዳሳ አንድ ሚስማር ዕዳ አለበት።