ተቀባይ

ካሴት አባዥ ነበርኩ፣ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት ስትባል፣
ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፤ ሱቄ ዛሬ ሞባይል ይሸጥበታል።
አራት ማሽን ነበረኝ፤ አንዱ ሁልጊዜ የታመመ፣
አንዱ ክር የሚያኝክ፣ ሲያኝክ ደግሞ እያዜመ።

እነሱ የመጡት ከወንጂ፣ በሸንኮራ መኪና ላይ ነው፤
አባታቸው ሚዛን ቤት፣ አገዳ ሲመዝን የኖረ ሰው።
ኢታና አኮርዲዮን አዝሏል፣ ከግሪክ መካኒክ በዕዳ የቀረ፤
የደቻሳ ማሲንቆ ጭራ ከፋብሪካው በቅሎ የተነጨ ነበረ።
ኢታና ያወጣል፣ ደቻሳ ይቀበላል፤ እንደ አባታቸው ሚዛን ቤት፣
አንዱ ቁጥሩን ሲጠራ፣ ሌላው «አቤት» እንደሚልበት።

የቀዳናቸው ጓዳ ነው፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን፣
ዶሮዎቹን ጎረቤት አሳድረን፣ ትንፋሻችንን ቆጥበን።
ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ «እመጣለሁ» የሚለው ቃል ጋ ሲደርሱ፣
ሊትሪናዋ ጮኸች። አላቆሙም፤ ድምጿን ይዘው ተነሱ።
«ይደገም» አልኩ። ኢታና ሳቀ፦ «ባቡሯንም ትደግማታለህ?»
ከሞጆ እስከ መተሐራ ሹፌር ሁሉ ይጠይቀኝ ጀመር፦ «የባቡሯ አለህ?»

አንድ አፍ ነበሩ አልልም።
ሁለተኛውን ካሴት ሲቀዱ በሁለት ብር ተኳርፈው ነበር፤
ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ አንዱ በርጩማ፣ አንዱ ወንበር።
ሲሸጥ ግን ማንም አላወቀ።

ከዚያ ቀበሌው ስም ጠራ።
«ሦስተኛውን ስመለስ» አለኝ ኢታና፤ አኮርዲዮኑን ሱቄ አስቀመጠ፣
የቀብዱን ሰማንያ ብር ግን በኪሱ እንደያዘ አመለጠ።
ሁለት ዓመት። ከዚያ ደብዳቤ።
የተቀበለው ደቻሳ ነው። ፈርሞ።

በጥቅምት ብቻውን መጣ፣ የመንገዱን አቧራ ለብሶ፤
ተቀመጠ፣ የአኮርዲዮኑን ቁልፎች በእጅጌው አብሶ።
«ቅዳኝ» አለ።
ማሲንቆው ሄደ። የኢታና ቦታ ሲደርስ፣ ዝም፤
ክሩ ሲዞር ብቻ ይሰማል። ከዚያ የራሱን ቅብል። ሌላ አልጨመረም።
«አቤት» ይላል፣ ማንም ሳይጠራው።
ስምንት ዘፈን እንዲሁ፣ ፊትና ጀርባ።

ዐሥራ አንድ ሰው መለሰው፦ «ካሴትህ ተበላሽቷል፣ ይቆራረጣል፤»
አንዱማ «ማሽንህን አስመርምር» ብሎ መክሮኝ ወጥቷል።
አልተከራከርኩም፤ ገንዘባቸውን ሰጠሁ።
አንድ የመተሐራ ሹፌር አልመለሰም። ለምን ብለው፣
«ባዶው ላይ እኔ አወጣለሁ» አለ፣ «መንገዱ ረጅም ነው።»

አሁን ባቡሩ በከተማው ጀርባ ያልፋል፤ በኤሌክትሪክ ነው፣ ብዙም አይጮህ።
ካሴቱ አለኝ። ማጫወቻው አንዳንዴ ይሠራል፣ ከመታሁት።
ባለፈው ማታ ዝምታው ጋ ሲደርስ አፌን ከፈትኩ፤
«ሰማንያ ብሬስ!» የሚል ነው የወጣኝ። በራሴ ሳቅኩ።
ደቻሳም ከክሩ ውስጥ፣ ሰዓቱን ሳያዛንፍ፣
«አቤት» አለ።