ሁለተኛዋ ምት

ከሌሊቱ ስምንት፣ መንገዱ ሲዘጋ፣
በተራራው ሆድ ውስጥ መብራቱ ሲነጋ፣
ቶኪዞ ይወጣል በመኪና መሰላል፣
የዋሻውን ጣራ በመዶሻ ያያል።

ሸክላ እንደሚገዛ ሰው፣ በጣት መታ አድርጎ
ከድምፁ እንደሚለይ ስንጥቁን ፈልጎ፣
ይመታል፤ ያደምጣል።
«ኳ» ካለው ጤና ነው፣ ሲሚንቶና ብረት ተቃቅፈው ተኝተዋል።
«ዱብ» ካለው ግን፣ ከውስጥ አንድ ነገር ጎድሏል።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲያንኳኳ፣ ሲያንኳኳ፣
«ማነው?» ያለው የለም።
ደብተሩ ላይ ይጽፋል፦ «ደህና»።
ቀጥሎም «ደህና»።
ከስንት አንዴ «ባዶ»፤ ያኔ በጠመኔ ክብ ይሠራበታል፣
ጠጋኞች ይመጣሉ፤ እሱ ወደፊት ይሄዳል።
ከሥር፣ ቀን ቀን፣ ዓሣ የጫኑ መኪኖች፣
ተማሪ ያሳፈሩ አውቶቡሶች፣
ጥርሱን ሊያስነቅል የሚበር ሰውዬ፤
ቀና ብሎ ጣራውን ያየ የለም።

ዘንድሮ፣ የኒጋታ በረዶ ወገብ ሲደርስ፣
ሚሱዙ መጣች፤ ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ፣
ማይክሮፎን አሰረች ከመዶሻው አንገት።
«እርስዎ ብቻ ይምቱ፤ እኔ እቀዳለሁ፣
ምትዎን ከቃልዎ ጋር አዛምዳለሁ፣
ማሽኑ ከጆሮዎ ይማር።»
ሳቅ አለ ቶኪዞ፦ «ጆሮዬ አርጅቷል፣
የወፍ ጫጫታ አይሰማህም አለች ሚስቴ፣ ስትነግረኝ።»
«ካረጀ ጆሮ ነው ትምህርት የሚገኝ።»

አርባ ሺህ ምት። አርባ ሺህ ቃል።
ማሽኑ ሲሳሳት፣ ሲታረም፣ ሲታረም፣ ሲሳሳት፣
ቀስ በቀስ ገባው የዝምታው ዓይነት።

ከዕለታት በአንዱ ሌሊት፣
ቀለበት ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ላይ፣
ስክሪኑ ቀላ። «ባዶ» አለ።
ቶኪዞ መታ። ጠበቀ። ደግሞ መታ።
«ደህና ነው» አለ፤ «በዚህ ክረምት ብቻ ሦስቴ አልፌበታለሁ፣
ሦስቴም 'ደህና' ብያለሁ።»

ሚሱዙ ቅጂውን ወደ ኋላ መለሰችው።
አንዴ አሰማችው። ዝም አለች። እንደገና አሰማችው።
«ሌላውን ሁሉ አንዴ ነው የመቱት፤
እዚህ ግን ሁለቴ። ሦስቱንም ጊዜ።
እጅዎ ጠርጥሯል፣ ጆሮዎ ሳይነግረው፤
ማሽኑም የያዘው፣ እኔ ሳላስተምረው፣
ጆሮዎን አይደለም።
እጅዎን ነው።»

መሰርሰሪያው ጮኸ። ክንድ የሚያህል ቁራጭ
ተስቦ ሲወጣ፣ መሃሉ የለም፤
ጣት የሚያስገባ ክፍተት፣ ውሃ ያቆረበት፣
ብረቱን ዝገት እንደ ነቀዝ የበላበት፤
ላዩ ግን ልስልስ ያለ፣ እንከን የማይታይበት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤
ግድግዳ ግን መቼ ደበቀ? ሲመቱት ይመልሳል።
አንዴ ጠይቆ የሚያልፍ ነው እንጂ
መልሱ የሚያመልጠው።

ቶኪዞ ጣቱን ከተተ። ቀዝቃዛ ነበር።
አልተቆጣም። አላፈረም ማለት ግን አይቻልም፣
የሠራው የጠመኔ ክብ አልገጠመም።

ሲነጋ ቤቱ ገባ፤ ጫማውን አወለቀ።
ፉሳኤ ጀርባዋን ሰጥታ ሾርባ ታማስላለች።
«እንዴት አደርሽ?» አለ እንደ ሁልጊዜው፣ እያለፈ።
«ደህና» አለች።
ማንኪያው ድስቱ ውስጥ ቆመ።
«ደህና ነኝ።»

መኝታ ቤቱ በር ላይ የነበረው ቶኪዞ ተመለሰ።
ወንበር ሳበ፤
መዶሻ የለመደ እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረና
እንደገና ጠየቃት።